አዲስ ስለሆነ ነው

መካኒኩ የስኩተሩን መሪ ወደ ግራ ገፋና ለቀቀው። መሪው ባለበት ቀረ። ወደ ቀኝ ገፋው፤ እዚያም ቀረ።

የፊት ጎማው ከመሬት እንዲነሳ ከሥሩ ጣውላ ገብቷል። እንዲህ የተነሳ ስኩተር መሪው ትንሽ ሲነካ በራሱ ክብደት ወደ ጎን መውደቅ አለበት። የዚህኛው ግን በተቀመጠበት ድርቅ ይላል። መካኒኩ ክው አለ። ሲፈራው የሰነበተው ነገር እውነት ሆነ። መሪው የሚዞርበት ኩሽኔታ ከልክ በላይ ታስሯል፤ ያሰረው ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

ከአራት ወር በፊት የእህቱ ባል ይህንኑ አሮጌ ስኩተር ይዞለት መጣ። የመሪው አንገት ውስጥ ያሉት ትንንሽ የብረት ኳሶች ተበልተው ይንገጫገጭ ነበር። መካኒኩ ኳሶቹን አውጥቶ ጣላቸውና በምትካቸው ትንንሽ የብረት ዘንጎች ያሉት ዘመናዊ ባለ ሮለር ኩሽኔታ ገጠመለት። "ከእንግዲህ እስክትጦር አትነካውም" ብሎ ተኩራራ። ከዚያ አርባ ዓመት ኳሶቹን ሲያስር እንደኖረው፣ ዳዶውን ባለ በሌለ ጉልበቱ አጠበቀው። ሮለር ግን ከታሰረ በኋላ መልሶ ላላ መደረግ አለበት። ይህን ያወቀው ባለፈው ሳምንት የሌላ ሰው ስኩተር ሲሠራ፣ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ስላነበበ ነው። አርባ ዓመት የሠራ ሰው ወረቀት አያነብማ።

በተገጠመ በሦስተኛው ቀን አማቹ ደውሎለት ነበር።

"ጋሼ፣ መሪው ከበደኝ። ቀጥ ብዬ ልሂድ ስል ወዲያና ወዲህ ይለኛል።"

"አዲስ ስለሆነ ነው። ትለምደዋለህ።"

በሳምንቱ መታጠፊያ ላይ ወድቆ አከርካሪው ተሰበረ። አሁን እዚሁ ግቢያቸው ውስጥ፣ ከቤቱ መስኮት ማዶ ተኝቷል፤ ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም።

እህቱ የታጠበ ልብስ በባልዲ ይዛ ወጣች።

"አለቀ ጋሼ? ከነገ ጀምሮ ሥራ የምሄድበት እኔ ነኝ።" ባሏ እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ ማድረግ ከተወች ቆይታለች። "ዓይኑን የት ጥሎት እንደነበር እንጃ። ሃያ ዓመት የነዳ ሰው፣ ባዶ መንገድ ላይ።"

ከመስኮቱ የባሏ ድምፅ መጣ።

"ልክ ናት ጋሼ። ሐሳብ ይዞኝ ሄዶ ነው። ጥፋቱ የራሴ ነው።"

ያኔ መደወሉን ረስቶታል፤ ወይም የመካኒኩን ቃል አምኖ ራሱን ተጠራጥሯል። መካኒኩ የትኛው እንደሚብስ አላወቀም።

መፍቻውን ዳዶው ላይ አሳረፈ። ሩብ ዙር ይበቃል። ሩብ ዙር ቢያላላው እህቱ በደህና ትነዳለች፣ ማንም ምንም አያውቅም፣ ያ ሰውዬም ዕድሜውን ሙሉ ራሱን ሲረግም ይኖራል። ቢናገር ደግሞ እግሩን አይመልስለትም። እህቱንም ያጣታል፤ ከእሷ ሌላ የእኔ የሚለው ሰው የለውም። በሁለቱም በኩል የሚተርፍ ነገር ፈልጎ አጣ።

ከዚያ ዳዶውን ሳያላላ መፍቻውን አነሳው።

"ነይ እስቲ" አላት። "ባልዲውን አስቀምጪና ይህን መሪ ያዢው።"

"ያዝኩት። ምን ላድርገው?"

"ወደ ጎን ገፋ አድርገሽ ልቀቂው" አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። "አንተም ስማኝ።"