ሳጥኑ የት ይደፋ?

ካሣዬ ልጅ ሳለ የሰማው አንድ ንግግር አለ። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። አባቱ አሥር አለቃ አሰፋ ሀርሺን አካባቢ ከሰፈረው ጦር ጋር ነበሩና፣ ትምህርት ሲዘጋ በስንቅ መኪና ተጭኖ ከጅጅጋ ሊጠይቃቸው ሄዶ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ጋደም እንዳለ፣ ከሸራው ማዶ አባቱና አንድ ሽማግሌ ሲነጋገሩ ይሰማል። የሽማግሌው አማርኛ የተሰባበረ ነው።

«እዚያ አይሆንም» አሉ ሽማግሌው። «እዚያ ውሃ ነው።»

«የምን ውሃ? አፈር አይደለም እንዴ!»

«ውሃ ነው አልኩህ።»

ልጁ በሸራው ቀዳዳ አጮልቆ አየ። ሽማግሌው በበትራቸው የሚያመለክቱት አቧራ ነበር፤ ፍየል እንኳ ምላሷን የማታስነካው ደረቅ መሬት። አባቱ ዝም አሉ። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ምን እንዳሉ ግን ካሣዬ አያስታውስም። እንቅልፍ ይዞት ሄዶ ይሁን፣ ነፋሱ ሸራውን እያርገበገበ ድምፁን ወስዶበት ይሁን፣ እንጃ። ጉዳዩ ምን እንደነበርም አላወቀም። እጠይቃለሁ ሲል ሲል አባቱ አረፉ። አቧራውን ውሃ ያሉት ሽማግሌ ግን ከአርባ ዓመት በላይ ከነበትራቸው ልቡ ውስጥ ቆመው ቀሩ።

ካሣዬ ጅጅጋ ውስጥ ራዲዮ፣ ኋላም ሞባይልና ሶላር እየጠገነ የኖረ ሰው ነው። ማንም አላስተማረውም፤ ከፍቶ እያየ፣ እያዳመጠ ነው የለመደው። የተበላሸ ዕቃ ሲመጣለት መጀመሪያ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ያማትባል፣ ከዚያ ብሎኑን ይፈታል። ስለዚህ በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ የእህቱ ልጅ ሶሲና ከባሏ ከማቲ ጋር አሮጌ ቅጥቅጥ አይሱዙ ይዛ ከአዲስ አበባ ስትመጣ፣ መጀመሪያ የሄደችው እሱ ሱቅ ነው። ወንበሩን አስነቅለው አልጋ፣ ምድጃ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ሽንት ቤት ሳይቀር አስገጥመውበታል። ጎብኚ ጭነው ሊዞሩበት ነው።

«አጎቴ፣ ሰው ሳንጭን በፊት አብረኸን ሙከራ ውጣ። የሚበላሽ ነገር አይጠፋም» አለችው።

«ከሰው ጋር የሚሄድ ሽንት ቤት አይቼ አላውቅም።»

«ቤቱ ሲሄድ እሱስ የት ይቀራል?»

«የሚወጣው ነገርስ?»

«እሱም አብሮን ይሄዳል።»

ካሣዬ ግራ መጋባት የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመቀመጫው ሥር ትልቅ ሻንጣ የሚያህል፣ እጀታና ሁለት ጎማ ያለው ድፍን የፕላስቲክ ሳጥን አለ። ሰው የተጠቀመው ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል። ሽታ እንዲያጠፋ ሰማያዊ መድኃኒት ይጨመርበታል። ሲሞላ ቀይ መብራት ይበራል፤ ያኔ በመኪናው ጎን ባለች ትንሽ በር ሳጥኑ ይሳብና ይደፋል። የት? መመሪያው የተጻፈው ሦስቱም በማያነቡት የውጭ ቋንቋ ነው። ማቲ በስልኩ አስተረጎመው፦ «ለዚሁ በተዘጋጀ ቦታ ብቻ ይድፉ።»

«ለዚሁ የተዘጋጀ ቦታ የት ነው?» አለ ካሣዬ።

«እሱን አይልም።»

ከጅጅጋ እንደወጡ ኬላ ላይ ፈታሹ ያቺን ትንሽ በር አገኛት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሽንት ቤት» አለ ካሣዬ።

«የማን?»

«የ... የሁላችንም።»

«ለምን ተቆለፈ?»

«እንዳይወጣ።»

«ማን እንዳይወጣ?»

ፈታሹ ክዳኑን ከፍቶ ሰማያዊውን ፈሳሽ አየ፤ በጣቱ ሊነካው ሲል ሶሲና ጮኸች። «ኮንትሮባንድ ብዙ ዓይነት አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን...» አለና አሳለፋቸው።

ሀርሺን አቅራቢያ ያረፉት ሻርማርኬ ደጃፍ ነው። ሻርማርኬ ከብት አርቢ ነው፤ ጅጅጋ በመጣ ቁጥር ራዲዮውን ካሣዬ ጋ ሳያስነካ አይመለስም፤ ሃያ ዓመት ሆናቸው። ከግራሩ ጥላ ሥር መኪናቸውን አስቆማቸው፣ የግመል ወተት አስመጣላቸው። ድርቁ ከብቱን እንደጨረሰበት የነገራቸውም እየሳቀ ነው። «ወላሂ ካሣዬ፣ የቀሩኝን ፍየሎች በስማቸው ነው የምጠራቸው። ያኔ ብዙ ሳሉ ማን ስም ያወጣላቸው ነበር!»

በሦስተኛው ቀን ቀዩ መብራት በራ።

«እኔ ሾፌር ነኝ» አለ ማቲ ቶሎ ብሎ።

«እኔ አብሳይ ነኝ» አለች ሶሲና።

ካሣዬ ሁለቱንም አየ። «እንግዲህ እኔ የቀረው ነኝ።»

ማቲ አፍንጫውን በሻሽ ጠቅልሎ አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ ቆመ። «ጋሽ ካሣዬ፣ ወደ ነፋሱ በኩል እንዳይሆኑብኝ!»

ወደ ሀርሺን ከተማ ነዱ። ካሣዬ ሳጥኑን እየጎተተ አንዲት አነስተኛ ሆቴል ገባ። ባለቤቷ ፈትያ የምትባል፣ ከሐረር መጥታ የሠፈረች ሴት ናት።

«ስንት አልጋ?» አለችው።

«አልጋ አልፈልግም። ሽንት ቤት ነበር።»

«በጓሮ ነው፣ ይግቡ።»

«እኔ አይደለሁም የምገባው። ይኼ ነው።»

ፈትያ ሳጥኑን አየችው። «ሻንጣዎ?»

ነገሩን ሲያስረዳት ዓይኗ እየሰፋ ሄደ። «ኧረ ይቅርብኝ! ሰው ሲመጣ ባዶ እጁን መጥቶ ነው የሚጠቀመው፤ እርስዎ ከሌላ አገር ጭነው ይመጣሉ? ጉድጓዴ እኮ ድንጋይ ላይ የተቆፈረ ነው፣ ጥልቀት የለውም። ደግሞ ይኼ ሰማያዊ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነው።»

«የምን በሽታ?»

ካሣዬ አመስግኗት ወጣ። ነዳጅ ማደያው ጋ የሽንት ቤቱ ቁልፍ ያለው ሰው ደገሀቡር ሄዷል ተባለ። መስጊዱ አጠገብ ቆም ብሎ፣ የሰውን የጸሎት ቦታ በዚህ ነገር ማስቸገር ነውር ሆኖበት ሳይጠይቅ አለፈ። ሳጥኑን እንደያዙ ተመለሱ።

ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስቱ ጋደም ሲሉ ካሣዬ አካፋ ይዞ ሳጥኑን እየጎተተ ብቻውን ወጣ። «ጌታዬ፣ ማንንም የማይጎዳ ቦታ አሳየኝ» አለ በልቡ። ከቤቶቹ ርቆ፣ ከጉብታው ጀርባ አገኘው። ረጅም፣ ጎድጎድ ያለ መሬት ነው። ግራና ቀኙ እሾህ ተከምሮለታል፤ ሰው አያይም፣ እንስሳም አይገባበትም። መሬቱ ድንጋዩ ተለቅሞ ተጠርጓል። አፈሩ ለአካፋ የለሰለሰ ነው። ካሣዬ የከተማ ሰው ነው፤ ውሃ የሚያውቀው በቧንቧና በአህያ ጋሪ ነው። ይኼን ሲያይ ትዝ ያለው የመመሪያው ቃል ነበር፦ ለዚሁ የተዘጋጀ ቦታ። ቆፈረ፣ ደፋ፣ ሳጥኑን በጄሪካን ውሃ አለቅልቆ እሱንም ደፋ፣ አፈር መለሰበት፣ በአካፋው ጀርባ መታ መታ አድርጎ ደለደለው። «ተመስገን» ብሎ ተመለሰ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሻርማርኬ ሰግዶ ጨርሶ መጣ፤ ፊቱ በርቷል። ከምሥራቅ በኩል ደመና ተነሥቷል።

«ካሣዬ፣ ና፣ ሥራዬን ላሳይህ። ዘንድሮ አላህ ካለ ይሞላል።»

የወሰደው ወደ ቢርካው ነው፤ በሲሚንቶ ወደተለሰነው፣ የዝናብ ውሃ ወደሚጠራቀምበት ሰፊ ጉድጓድ። ባዶ ነው። ስንጥቁ በአዲስ ሲሚንቶ ተደፍኗል። ወለሉ ተጠርጎ ሰው የሚተኛበት ይመስላል።

«ታዲያ ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?» አለ ካሣዬ።

«ያውልህ።» ሻርማርኬ በበትሩ አመለከተ። «አራት ቀን ሙሉ ከልጆቼ ጋር ስንጠርገው ሰነበትን። ፍየል እንዳይጸዳዳበት እሾህ አጠርንለት። ያ ነው ውሃዬ።»

ካሣዬ የበትሩን ጫፍ ተከትሎ አየ። ጎድጎድ ያለው መሬት፣ ግራና ቀኙ እሾህ፣ ከጉብታው ጀርባ ተጠምዝዞ መጥቶ ቢርካው አፍ ላይ ያርፋል። ደረቅ አቧራ። የዚያ ድንኳን ሸራ ሲርገበገብ ሰማው። ውሃ ነው አልኩህ።

የትኛውን እንደሚያስብ ጠፋው፤ አባቱን ያስብ፣ ሽማግሌውን ያስብ፣ ደመናውን ያስብ። ማንም አላየውም። ነገ ጧት ቢነሡ ማንም አይጠይቀውም። ግን ይኼ ቢርካ ሲሞላ አሥራ አንድ ነፍስ ይጠጣዋል፤ ትናንት ወተት ያቀበለችው የሻርማርኬ የልጅ ልጅ ሳትቀር።

«ሻርማርኬ፣ እኔ ውሃህ ውስጥ ደፍቻለሁ።»

«ምን ደፋህ?»

«የሳጥኑን።»

«የምን ሳጥን?»

አስረዳው። ሻርማርኬ ቶሎ አልገባውም። «ቆይ፣ ቆይ። ሦስት ቀን የተጠቀማችሁበትን በመኪና ይዛችሁ ስትዞሩ ነበር?»

«አዎ።»

«ለምን?»

ካሣዬ አሰበ። «ወላሂ እኔም አልገባኝም» አለ፤ በሻርማርኬ አንደበት መማሉን ሳያውቀው።

ሻርማርኬ አልሳቀም። ደመናውን አየ፣ ቦዩን አየ፣ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። የካሣዬ ጆሮ ያን ዝምታ ያውቀዋል። በመጨረሻ፣ «አካፋህን አምጣ» አለ። «ጎርፉ ሳይቀድመን።»

ሶሲናም ነገሩን ስትሰማ፣ ማቲ መኪናውን ወደ ጉብታው ጀርባ እንዳስጠጋ ወርዳ ጆንያ ያዘች። ሲቆፍሩ ሰማያዊው አፈሩ ውስጥ ሠርጎ ወዲያ ወዲህ ሄዷል፤ ካሣዬ ያን ቀለም እየተከተለ፣ ራዲዮ ውስጥ የተቃጠለ ሽቦ እንደሚፈልግ ሰው እየጎነበሰ፣ ቀለም እስከማይታይበት ድረስ ከዚያም አንድ ክንድ አልፎ ቆፈረ። ዘጠኝ ጆንያ ሞላ። ደመናው እየቀረበ ነው።

«አሁን ከቢርካው በታች እንቅበረው» አለ ማቲ፣ አሁንም በሻሹ ውስጥ።

«ከእኔ በታች የጎረቤቴ የዐዎ ቦይ ነው» አለ ሻርማርኬ። «ከዐዎ በታች የወንድሜ። ከወንድሜ በታች ደግሞ የማላውቃቸው ሰዎች አሉ።»

«በዚህ በኩልስ?»

«እሱም የሰው ነው።»

ማቲ ዙሪያውን ሜዳውን አየ። ምንም የለበትም፤ ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፣ ባዶ ነው። «ይኼ ሁሉ?» አለ።

«የእርስዎ ቤት ሽንት ቤትስ?» ብላ ጠየቀች ሶሲና ሻርማርኬን።

«ጠባብ ናት፣ ልጄ። ደግሞ ሰማያዊው ምን እንደሆነ እናንተ ራሳችሁ ታውቃላችሁ?»

አያውቁም።

«ጅጅጋ እኔ ግቢ ይሄዳል» አለ ካሣዬ። «የእኔ ጉድጓድ ሲሞላ ቦቴ መጥቶ ይመጠዋል። ችግር ቢሆንም ችግሩ የእኔ ይሆናል።»

«በምን?» አለ ማቲ። «ጣራው ላይ ሶላር ነው ያለው!»

«በውስጥ።»

«በውስጥ የት?»

ካሣዬ በመኪናው መስኮት ወደ አልጋው ተመለከተ። ነጭ አንሶላ፣ ለስላሳ መከዳ፣ ሶሲና በእጇ የጠለፈችው መጋረጃ።

«ጋሽ ካሣዬ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንግዳ ይተኛበታል! ይኼ ሁሉ የተሠራው ይኼ ነገር ከሰው አፍንጫ እንዲርቅ አይደለም እንዴ?»

ካሣዬ አልተከራከረውም። ከጆንያዎቹ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ሽማግሌው በትር፣ ስለዚያ ዝምታ ነገረው። «አሁን ሳስበው የጦሩ ሽንት ቤት የት ይቆፈር ብለው ይሆናል የሚነጋገሩት» አለ። «እኔ ግን አቧራ ብቻ ነበር የማየው። ዛሬም አቧራ ብቻ ነው ያየሁት።»

«አባትዎ ታዲያ ምን አሉ?»

«አላስታውስም።»

«እሺ ብለው ይሆናል?»

«እንጃ ልጄ። ስንት ዓመት አሰብኩት፣ አይመጣልኝም። የእሳቸውን ትቼዋለሁ። አንተ ምን ትላለህ?»

የመጀመሪያዋ ጠብታ የመኪናውን ጣራ መታች። ሻርማርኬ ቀና አላለም፤ የተቆፈረውን የቦዩን ወለል በእግሩ እየረገጠ ያስተካክላል። ማቲ ሚስቱን አየ፣ ጆንያዎቹን አየ። ሻሹን ከአፍንጫው ፈታ፣ ሽታው ሲመታው ዓይኑን ጨፈን አደረገ፣ ከዚያ አንዱን ጆንያ በሁለት እጁ አቀፈ።

«እሺ» አለ። «በሩን ክፈቱልኝ፣ አልጋው ላይ ነው የማደርገው። ሳጥኑንም ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ የማወጣው።»