ለአንድ ሰው የሚበቃ አየር

«አሥራ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለመውረድ መጠባበቂያ የአየር ሲሊንደር መያዝ ማለት» አለ አቶ ካሳሁን፣ ጥርሱ መሐል የተሰነቀረውን የንፍሮ ገለፈት በጥፍሩ እየጎረጎረ፣ «ጓሮ ደርሶ ለመመለስ ስንቅ እንደ መቋጠር ነው።»

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ለቀስተኞች የደብረ ታቦር ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ጣናን ቢያዩት ከአውቶብስ መስኮት ነው። ስለዚህ ራሳቸውን ነቀነቁ። የእድሩ ዳኛ አያ ዘውገ ግን ወሬው እንዳይቋረጥ ያህል ጠየቁ።

«ታዲያ አየሩ ውሃው ውስጥ ሳሉ ቢያልቅስ?»

«ለዚያማ ጓደኛ አለ! ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንወርደው። የአንዱ ሲያልቅ ከሌላው ይተነፍሳል። የኛ መጠባበቂያ ሰው ነው፣ አያ ዘውገ» ብሎ ደረቱን መታ።

ፀጋ ከሴቶቹ መሐል ሆና ሰማችው። ባሏ ዓለምነው ጣና ውስጥ የሞተው ቅዳሜ ነው፤ እሁድ ተቀበረ፤ ዛሬ ሠልስቱ ነው። ቅዳሜ ዕለት ከዓለምነው ጋር የወረደው ጓደኛ ደግሞ ይኸው ደረቱን የሚመታው ሰውዬ ነው። ይህን ድንኳኑ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ የጠየቀው ግን አንድም ሰው የለም። ከባሕር ዳር ድረስ በግ ጭኖ የመጣን እንግዳ ማን ደፍሮ ይጠይቀዋል?

«ቀኑ ነው እንግዲህ» አለ ካሳሁን ንፍሮውን እንደገና ዘግኖ። «በሚመጣው እሁድ ለመታሰቢያው እንወርዳለን። ሙላቴ የወንድሙን የመጥለቂያ ልብስ ለብሶ አብሮን ይወርዳል። አይደል ሙላቴ?»

የዓለምነው ታናሽ ወንድም ሙላቴ መሬት መሬቱን እያየ «እሺ» አለ። ዋና እንኳ በቅጡ የማይችል ልጅ ነው። ፀጋ አንድ ልጅ ቀብረው ሦስት ቀን ያልሞላቸውን እናቱን አየች፤ እማማ ወለተማርያም ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ ስበዋል። ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች።

ዓለምነው ጎሚስታ ነበር። ከከተማው ወደ ጋይንት መውጫ ላይ አንድ መንፊያና አንድ የቆርቆሮ ዳስ ነበረው፤ ከዚያች ዳስ ፊት ቅያሪ ጎማ ሳይዝ ወደ ጉና የሚያልፍ ሾፌር ወየው ለራሱ። «ያለ ቅያሪ ጎማ ጉናን የምትወጣው እናት የለህም ወይ?» እያለ መንገድ ላይ ቆሞ ይሳደባል። ሾፌሮቹ ይስቁበታል፤ ግን ይመለሳሉ።

ወደ ውሃ የገባው ካሳሁንና ጓደኞቹ ለመዝናኛ ያቋቋሙት የጠላቂዎች ማኅበር የአየር መሙያው ተበላሽቶበት እሱን ያስጠራው ጊዜ ነው። ጠገነላቸው። «አንድ ቀን ውረድና እየው» አሉት። ወረደ። የዚያን ዕለት ማታ እንደ ሕፃን ሲለፈልፍ አመሸ። «ፀጋዬ፣ እዚያ ታች ማንም አይጠራሽም፤ የምትሰሚው ትንፋሽሽን ብቻ ነው» አላት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመሐንዲሶችና ከባለ ሆቴሎች ጋር ይጠልቅ ጀመር። እሷ ደስ አላላትም። ሰዎቹን እንዴት ቀና ብሎ እንደሚያያቸው ታውቃለች፤ በፊታቸው እጁን ኪሱ ውስጥ ይደብቃል፣ የጎማ ጥላሸቱ እንዳይታይ።

ትንሽ ቢጫ ሲሊንደር ገዝቶ የመጣ ቀን ምንድን ናት ብላ ጠየቀችው።

«ቅያሪ ጎማዬ ናት። ጎማ ቢፈነዳ መንገድ ዳር ትቆሚያለሽ። አየር ቢያልቅብሽ የት ትቆሚያለሽ?»

ይህን ያለ ሰው አየር አልቆበት ሞተ። ከቅዳሜ ጀምሮ ፀጋን እንቅልፍ የነሣት ይህ ነው። ካሳሁን ሲነግራት «ያረጀ የዓሣ መረብ ጠልፎ ያዘው፤ ሁሉም ነገር ነበረው፣ አልረዳውም» ብሏታል።

ጓሮ የማኅበሩ ጀልባ ነጂ ፈንታሁን የሟቹን ዕቃ በማዳበሪያ አምጥቶ ቆሟል። ማዳበሪያውን ስትከፍተው የጭቃ፣ የዓሣና የእርጥብ ጎማ ሽታ አፍንጫዋን መታት። ያንን ሽታ ነው እሁድ ሙላቴን የሚያለብሱት። ቢጫዋ ሲሊንደር ከሥር አለች። ፀጋ ዳስ ውስጥ ስትረዳው የኖረች ናት፤ የአየር መለኪያ ለማንበብ ሰው አትጠይቅም። ቀስቷ ከጫፍ ናት።

«ፈንታሁን፣ ይቺ ሙሉ ናት።»

እሱ ወደ አጥሩ ዞረ። «ተይኝ እቴ፣ ኋላ ሥራዬን ያሳጡኛል።»

«ንገረኝ።»

«ጀልባው ላይ እንግዶች ነበሩ። ዓለምነው እሷን ጎኑ ላይ ሊያስር ሲል ጋሼ ካሳሁን አየውና ‹ጎሚስታ አመሉ አይለቀውም! እዚህም ቅያሪ ጎማ ይዞ መጣ! ደግሞ እንግዶቹን ታስፈራብኛለህ› አለው። ጀልባው ሁሉ ሳቀ።»

«እሱስ?»

«አብሮ ሳቀ። ከዚያ ፈታትና ከመቀመጫው ሥር አስቀመጣት።»

አብሮ ሳቀ! ያንን ሳቅ ታውቀዋለች። ሰው ሲያቃልለው አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚስቃት ሳቅ ናት። ለአፍታ ሟች ባሏን ራሱን ተጸየፈችው፤ መልሳ ደግሞ የተጸየፈች ልቧን ተጸየፈቻት። ከዚያ ሲሊንደሯን አቅፋ ወደ ድንኳኑ ገባች።

እማማ ወለተማርያም ክንዷን ያዟት። «ተይ ልጄ፣ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው አይዘለፍም።»

እጃቸውን ቀስ ብላ አላቀቀችና ሲሊንደሯን ካሳሁን እግር ሥር አስቀመጠቻት። መክፈቻዋን ጠምዝዛ ቁልፉን ስትጫነው አየሩ እየጮኸ ወጣ። ሰዎች ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«አቶ ካሳሁን፣ ቅዳሜ ይቺ ከመቀመጫ ሥር ነበረች አሉ። ለባሌ ስንት ደቂቃ ትበቃው ነበር?»

«እህቴ፣ ሐዘን ላይ ነሽ...»

«ስንት ደቂቃ?»

«አራት... ቢበዛ አምስት።»

«የጠለፈውን መረብ ቆርጦ ለመውጣትስ?»

ካሳሁን ወደ አያ ዘውገ ዞሮ አየ። አያ ዘውገ ከዘራቸውን አነሡ። «ፀጋ፣ እንግዳ ነው። ነውር ነው።»

«አያ ዘውገ፣ ባሌም ነውር ነው ብሎ ነው የሞተው። ሰው እንዳይስቅበት ብሎ ነው የሞተው። እኔ ግን ይሳቅብኝ።» ወደ ካሳሁን ስትመለስ አንቱታውን ተወችው። «አንተ አጠገቡ አልነበርክም? መጠባበቂያው አንተ አልነበርክም? ለምን ካንተ አልተነፈሰም?»

«የኔም አልቆ ነበር እኮ!» አለ ካሳሁን፣ ፊቱ በላብ ወዝቶ። «ያንን የተረገመ ያረጀ መረብ ስንጎትት ሁለታችንም አየራችንን ጨረስነው። እጄን ይዞኝ ነበር። አስለቅቄ... ሰው ልጠራ ወጣሁ። ምን ላድርግ? የቀረኝ አየር ለአንድ ሰው የሚበቃ ነበር።»

ቃሉ ከአፉ ካመለጠ በኋላ ነው የሰማው።

«እሁድ ሙላቴን ስታወርደው» አለች ፀጋ፣ «ያው የአንድ ሰው አየር ነው የምትይዝለት?»

ካሳሁን ተነሣ፤ ኮቱ ላይ የቀረውን ገለፈት አራገፈ፤ ለቅሶ ደርሶ እንደሚሄድ እንደማንኛውም ሰው ወደ ቤተሰቡ ዞረና «እግዜር ያጥናችሁ» አለ።

ለዚህ ቃል መልሱ አሜን ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳኑ ለመጣው ለሄደው ሁሉ አሜን ሲል ከርሟል። አሁን ግን ፀጋ ዝም አለች፤ አያ ዘውገም አቀርቅረው ዝም አሉ። ሙላቴ ብቻ ከልማድ የተነሣ አፉን ከፈተ።

እማማ ወለተማርያም ከጎኑ ነበሩ። አጥንት ብቻ የቀረውን እጃቸውን ከነጠላቸው ውስጥ አወጡና መዳፋቸውን አፉ ላይ አደረጉት።

ካሳሁን ወጣ። የመኪናው ድምፅ ወደ ባሕር ዳር መንገድ ወርዶ ከጠፋ በኋላም አሮጊቷ እጃቸውን አላነሡም። የልጃቸው ትንፋሽ መዳፋቸውን ያሞቀዋል፣ ይተወዋል፣ እንደገና ያሞቀዋል።