በመስኮት የሚወጣው ወሰን

ጥጋቡ የሰው አጥር ሲያይ እጁን ይበላዋል። ምን ይደረግ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰሜን ሸዋ ውስጥ መሬት ሲቀይስ የኖረ ሰው ነው። ልጁ እሌኒ ስፖንሰር አድርጋ ወደ ቶሮንቶ ስታመጣው፣ ኢስት ዮርክ ቤቷ በገባ በሦስተኛው ቀን ከጎረቤት ጋር የሚያዋስናቸውን የእንጨት አጥር በእርምጃ ለካና ወደ ጎረቤት ግቢ ሁለት ስንዝር መግባቱን ደረሰበት። ዝም አይልም? አይልም። ሄዶ አንኳኩቶ ነገራቸው። እሌኒ ስትሰማ ጭንቅላቷን ያዘች፤ አባዬ የራሳችንን መሬት ሰጥተህ መጣህ ብላ ተቆጣችው።

ጎረቤቲቱ ግን ወደዱት። ሚስስ አይሪስ ይባላሉ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ የዘጠና ዓመት እንግሊዛዊት ናቸው። የወሰን ነገር የሚገባው ሰው ካገኙ ስንት ዘመን እንደሆነ ነገሩትና አስገብተው ሻይ በወተት አቀረቡለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥጋቡ ጠዋት ጠዋት እዚያው ነው። እንግሊዝኛው የትምህርት ቤት ስለሆነ ቀስ እያለ ያወራል፤ እሳቸውም ዕድሜ ይዟቸው ቀስ ይላሉ፤ ተግባቡ።

ወሬያቸው ሁሉ ስለ ማርስኮምብ ነው። ማርስኮምብ አይሪስ የተወለዱባት የእንግሊዝ መንደር ናት። ነዋሪዋ መቶ አሥራ ሁለት ሰው፣ አውቶቡስ የሚመጣላት ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ። ስምንት መቶ ዓመት ያለፈው ቤተ ክርስቲያን አላት፤ ከፊት ለፊቱ «ሦስቱ ዝይዎች» የሚባል መጠጥ ቤት አለ፤ ደወል ደዋዮቹ ደውለው ሲጨርሱ ቅዳሴውን ትተው የሚሻገሩት ወደዚያ ነው አሉ። ሆቢዎችና ትራንተሮች የሚባሉ ሁለት ቤተሰቦች በአንድ የፖም ዛፍ ተኳርፈው መቶ አርባ ዓመት አልተነጋገሩም። ነገር ግን ሆቢ ሲሞት ሬሳውን የሚሸከመው ትራንተር ነው፤ ያውም አንድ ቃል ሳይተነፍስ። ጥጋቡ ይህን ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ። እንግሊዝን በአይሮፕላን መስኮት እንኳ አይቷት የማያውቅ ሰው፣ ይቺን መንደርማ በደንብ አውቃታለሁ አለ።

ከሁሉ የወደደው ግን የወሰን ዙረቱን ነው። ድሮ ድሮ በግንቦት አንድ እሁድ የመንደሩ ሰው ቄሱን አስቀድሞ ወሰኑን በእግሩ ይዞር ነበር። የወሰን ድንጋይ ጋ ሲደርሱ አንዱን ልጅ በብብቱና በእግሩ ያነሡና መቀመጫውን ከድንጋዩ ጋር ሦስት ጊዜ ያጋጩታል። ለምን ቢሉ፣ እንዳይረሳ። የተጋጨው ልጅ ሲያረጅ ምስክር ይሆናል። ጥጋቡ ይህን ዘዴ ቢሮ ሳለ ባለማወቁ ከልቡ ተቆጨ፤ ስንት ክርክር ይቀርለት ነበር።

የመጨረሻው ዙረት የተደረገው አይሪስ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው። ዘንድሮ የመንደሩ የታሪክ ማኅበር እንደገና ሊጀምረው ተነሣ። መዝገቡን እርጥበት በልቶታል፤ የመንግሥት ካርታ ደግሞ ጥምዝምዙን ሁሉ ቀጥ ስላደረገው የድሮው መንገድ የለበትም። ያኔ ከዞሩት ልጆች ዛሬ በሕይወት ያሉት አይሪስ ብቻ ናቸው። የማኅበሩ ጸሐፊ በቪዲዮ ኮል መንገዱን እንዲነግሯቸው ለመነቻቸው።

እዚህ ላይ ግራሃም መጣ። ግራሃም የአይሪስ አንድ ልጅ ነው፤ ኦክቪል ይኖራል፣ እሁድ እሁድ ይመጣል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ብቻ ይፈራል። በክረምት እናቱ ምድጃ ላይ የጣዱትን ሁለት ጊዜ ረስተው ቤቱ ጭስ በጭስ ሆኖ ስለነበር የአረጋውያን መኖሪያ መርጦ ጨርሷል። ነገር ትቀላቅያለሽ፣ ሰዎቹንም ታሳስቻቸዋለሽ አላቸው። ግንቦት ይለፍና ስለ ቤቱ እንነጋገራለን ተባባሉ። አይሪስ ይህን ለጥጋቡ ነገሩት።

«ቃሌን የሚያምን ሰው ከጠፋ፣ እዚህ ቤት ተቀመጥኩ አልተቀመጥኩ ምን ለውጥ አለው?» አሉት።

ጥጋቡም እረዳዎታለሁ አለ።

አይሪስ በወረቀት ሲጠየቁ ግራ ይጋባሉ። ጥጋቡ ግን ሥራውን ያውቃል፤ ምስክር የሚያስታውሰው ሲራመድ ነው። ስለዚህ ከቤታቸው በታች ያለውን ቴይለር ክሪክ ፓርክ ማርስኮምብ አደረጉት። አይሪስ ባለጎማ መደገፊያቸውን እየገፉ፣ ወንዙ እዚህ ነው፣ አሁን ወደ ግራ፣ ይሄ የሆቢዎች የበግ ጉረኖ ነው ይላሉ፤ እሱ ከኋላ እርምጃ እየቆጠረ ይጽፋል። ውሻ ይዘው የሚንሸራሸሩ ሰዎች ቆመው ያዩዋቸዋል፤ ይዩዋ። በአራት ቀን ጠዋት የአሥራ ስድስት ድንጋይ ቦታ ተገኘ። በአምስተኛው ቀን አይሪስ አንድ ቦታ ቆሙና፣ ይሄ የትራንተሮች ቤት ነው፣ በበሩ ገብተን በወጥ ቤቱ መስኮት እንወጣለን አሉ።

ጥጋቡ መጻፉን አቆመ። ሦስት ጊዜ ጠየቃቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ መልሳቸው ያው ነው። እንዲያውም መስኮቱ ላይ የማርማላታ ጠርሙስ ነበር፣ ጉልበቴ ገባበት አሉ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሲቀይስ በሰው ወጥ ቤት ገብቶ በመስኮት የወጣ ወሰን ገጥሞት አያውቅም። ግራሃም ይህን ቢሰማ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ጥጋቡ፣ የዋሁ ጥጋቡ፣ ካርታውን ሲስል መስኮቱን ተወውና መስመሩን በቤቱ ጓሮ በኩል ቀጥ አድርጎ አሳለፈው። ሥራው ማማሩ! እሌኒ ስካን አድርጋ ለመንደሩ ኢሜይል አደረገችለት፤ ምስጋና ጎረፈ።

በማግሥቱ አይሪስ ካርታውን በማጉያ መነጽር ዳር ዳሩን ተከተሉት። ጣታቸው ትራንተሮች ቤት ጋ ሲደርስ ቆመ።

«መስኮቴ የታለ?»

ጥጋቡ አስተካከልኩት አለ። ለእርስዎ ብዬ ነው፣ ልጅዎ እንዳይሰማ ብዬ ነው ሲል ተንተባተበ።

«አንተም?» አሉት።

ሁለት ቀን በራቸው አልተከፈተም። ጥጋቡ እህል አልወርድ አለው። ሥራ የገባ ዕለት አለቃው ባስልኤል ያለውን አስታወሰ፤ ሽማግሌ ወሰን ሲያሳይህ አፍህን ዝጋና ጻፍ ብሎት ነበር። ያንን ደንብ ዕድሜውን ሙሉ ጠብቆ ኖሮ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ በሰው አገር ጣሰው። አዝኜላቸው ነው ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ፤ አልሆነም። ሴትዮዋን አላመናቸውም፣ እውነቱ ይሄው ነው።

በሦስተኛው ቀን አዲስ ካርታ ሳለ፤ መስመሩ በበሩ ገብቶ በመስኮቱ ወጣ። ከሥሩ፣ በመጀመሪያው ካርታ ላይ ያለው ስሕተት የቀያሹ እንጂ የምስክሯ አይደለም ብሎ ጻፈና ፈረመ። እሌኒ፣ መስኮቱ ባይኖርስ፣ በሁለታችሁም አይስቁም ወይ ብላ ጠየቀችው። ይሳቁዋ አላት። አንዱን ለመንደሩ አስላከ፤ አንዱን በአይሪስ በር የደብዳቤ ቀዳዳ ከተተው። ከአንድ ሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተ፣ ሻይም ቀረበ።

የዙረቱ እሁድ ጠዋት አይሪስ፣ ጥጋቡ፣ እሌኒና ግራሃም አራቱም በአይሪስ ወጥ ቤት ተሰበሰቡ። ግራሃም የመጣው ለዙረቱ ሳይሆን ከዙረቱ በኋላ ለሚደረገው ንግግር ነው፤ የአረጋውያን መኖሪያውን ወረቀቶች ይዟል። ጠረጴዛው ላይ ባቆሙት ታብሌት ማርስኮምብ ታየች፤ ዝናብ እየዘነበ፣ ስልሳ የሚሆን ሰው ጃንጥላውን ይዞ፣ ውሻውን አስከትሎ። መስቀል የተቀረጸባቸው የወሰን ድንጋዮች አይሪስ በጠቆሙት ቦታ ከሣርና ከእሾህ ሥር አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ከዚያ ትራንተሮች ቤት ደረሱ። ዛሬ የሚኖሩበት ወጣት ባልና ሚስት በሩን ከፈቱላቸው፤ ካሜራው ወጥ ቤቱ ገባ። በልስን የተለሰነ ግድግዳ፣ አጠገቡ ትልቅ ቁም ሳጥን። መስኮት የሚባል የለም።

ጸሐፊዋ በለሆሳስ፣ አይሪስ፣ እዚህ ያለው ግድግዳ ነው አለች። ግራሃም የእናቱን ትከሻ ቀስ ብሎ ያዘ፤ የሚያመው ቀስ ማለቱ ነበር። አይሪስ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጡ። ጥጋቡ ወደ ታብሌቱ ጎንበስ አለ።

«ወደ ውጭ ውጡና ከጀርባው እዩት» አለ፤ የድሮ የሜዳ ድምፁ ነው። «የሸፈነው ነገር ካለ አንሡት።»

ወጡ። ሁለት ሰዎች ግድግዳውን የሸፈነውን ሐረግ ይዘው ጎተቱት። ከሥሩ በጡብ የተደፈነ መስኮት ወጣ፤ ደፉ ድንጋይ ነው፣ ድንጋዩ ላይ እንደ ሌሎቹ የወሰን ድንጋዮች ሁሉ መስቀል ተቀርጿል። መንደሩ በአንድ አፍ ጮኸ። አንድ ሆቢ አንድ ትራንተር አቅፏል ይባላል፤ ካሜራው ስለተንቀጠቀጠ በእርግጠኝነት አልታየም። ባልና ሚስቱ ለከርሞ መስኮቱን ሊያስከፍቱት እዚያው ቃል ገቡ።

አይሪስ አለቀሱም፣ ሳቁም። ልጅ ሳሉ መቀመጫቸውን ያጋጯቸው በዚያ ደፍ ላይ እንደሆነ ነገሯቸው፤ ለዚህ ነው ያልረሱት። ከዚያ ወደ ጥጋቡ ዞሩ።

«እኔ ስሄድ የሚመሰክር ሰው ያስፈልጋል። ያዙት» አሉ።

ጥጋቡ እምቢ ለማለት ጊዜ አላገኘም። ግራሃም ብብቱን፣ እሌኒ እግሩን ይዘው ወደ ደጃፍ አወጡት፤ ሰማንያ ኪሎ ቀላል አይደለም። አይሪስ ታብሌቱን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ፤ ማርስኮምብ ከባሕር ማዶ ቆጠረች፣ ጥጋቡም የደጃፉን ድንጋይ ሦስት ጊዜ በመቀመጫው መታ።

ግራሃም ላቡን ጠረገ። ወደ እናቱ ዞሮ እንደ ልጅ፣ «እኔስ?» አላቸው።

«ያንተ ለሚመጣው ዓመት ግንቦት ነው» አሉት። «እዚሁ፣ በዚሁ ቤት ደጃፍ ላይ።»

ግራሃም አንዴ ደጃፉን፣ አንዴ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ የተዋቸውን ወረቀቶች አየ።

«እሺ እማዬ» አለ።

ጥጋቡ መሬት ላይ እንደተቀመጠ፣ መቀመጫውን እያሻሸ ሰማው። ለዚህም ቃል ምስክሩ እሱ ነው።