በበር ላይ የተጻፈ ቁጠባ

በመጋቢት ወር ሰባ አራት ዓ.ም.፣ ሰኞ ጧት በሦስት ሰዓት፣ ደሴ በሚገኘው የእርሻ ቅስቀሳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ባለበት፣ ሊቀ መንበሩ ጓድ ቢያዝን ጉሮሯቸውን ጠረጉና ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት በሁለት እጃቸው ይዘው የሚከተለውን አስታወቁ፤ የጽሕፈት ቤቱ ሞተር ሳይክል ቤንዚን ትጠጣለች።

ሞተር ሳይክል ሌላ ምን ልትጠጣ ኖሯል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጊዜውም የሚጠየቅበት አልነበረም።

ሞተሯ ባለ ሦስት ጎማ ናት። ሁለቱ የራሷ ናቸው፤ ሦስተኛው ከጎኗ የተገጠመችው፣ ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥባት ሳጥን ጎማ ነው። ሾፌሩ እንድሪስ ጓድ ቢያዝንን በዚያች ሳጥን አስቀምጦ ለጉብኝት ቦሩ ሜዳ፣ ኮምቦልቻ፣ ሲከፋም ሐርቡ ድረስ ያደርሳቸዋል። ድሮ ከደሴ ኮምቦልቻ ደርሶ ለመመለስ ሦስት ሊትር ይበቃት ነበር። ከሦስት ወር ወዲህ ግን አምስቱንም ጭልጥ አድርጋ ትገባለች። ሦስት ወር ማለት የቤንዚን ቁጠባ ዘመቻው ከታወጀ ወዲህ ማለት ነው።

«ቤንዚን እግር የለውም» አለ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ፈንታሁን፣ እንድሪስን ሳይሆን ጣሪያውን እያየ። «ከሄደ ባለ እግር ተሸክሞት ነው።»

«አንተ ስትነዳትማ ያለ ተሸካሚ ሄዳለች፤ ፒያሳ ሰው በረንዳ ላይ ድረስ» አለ እንድሪስ።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀና ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። ፈንታሁን አንድ ቀን ሞተሯን እነዳለሁ ብሎ አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ከነሞተሯ የወጣበትን ታሪክ የማያውቅ ደሴ ውስጥ አልነበረም። እንድሪስ ደግሞ እንዲረሳ አልፈቀደም። ሁለቱ በአንድ ግቢ ሰባት ዓመት ሲሠሩ ሰላም የተባባሉት በአብዮት በዓል ቀን ብቻ ነው።

ጓድ ቢያዝን ወረቀቱን አጠፉ። እስከ ቅዳሜ ፍጆታዋ ካልቀነሰ የሾፌሩ ስም «የኢኮኖሚ አሻጥር» በሚለው ፋይል ውስጥ ገብቶ ወደሚመለከተው ክፍል ይሄዳል አሉ። ባለፈው ዓመት እንዲህ ያለ ፋይል የተከፈተበት የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበር። ፋይሉ ተመልሷል። ሰውየው ገና ነው።

እንድሪስ ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለጣይባ ነገራት። ጣይባ አላለቀሰችም። በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ ወፍራሙን ጋቢውን አጥባ ገመድ ላይ አስጥታው አገኘ።

«ምነው፣ ገና እኮ ማክሰኞ ነው» አላት።

«ወፍራም ነው፣ ቶሎ አይደርቅም» አለችው።

ችግሩ ምን እንደሆነ እንድሪስ ያውቀዋል። ያወቀውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። ዘመቻው ሲታወጅ ጓድ ቢያዝን አንድ መፈክር ከራሳቸው አፍልቀው ነበር፤ «ቤንዚን መቆጠብ አብዮታዊ ግዴታ ነው»። መፈክሩ በቀይ ቀለም ተጻፈ። ጣውላ ስለጠፋ የተጻፈው በግምጃ ቤቱ አሮጌ በር ላይ ነው። በሩ ከነማጠፊያው፣ ከነቁልፍ ቀዳዳው ተነሥቶ ሳጥኗ አፍንጫ ላይ ሽቅብ ቆሞ በሽቦ ታሰረ። ከዚያ ወዲህ ሞተሯ የምትሄደው ነፋስን በበር እየገፋች ነው። ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት እንኳ፣ ድሮ ሞተር አጥፍቶ እያፏጨ የሚወርደውን፣ እንድሪስ ነዳጅ እየሰጠ መውረድ ጀመረ። ጓድ ቢያዝንም ከበሩ ጀርባ ተቀምጠው፣ መንገዱን ማየት ሲያምራቸው ጎንበስ ብለው በቁልፍ ቀዳዳው ያያሉ።

ይህን ማን ይናገር? ነፋስ ከለከለኝ ማለት ይቻላል። መፈክሩ ቤንዚን ይጠጣል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

እንድሪስ የሚቻለውን ሁሉ ሞከረ። እሳት የሚጭርላትን ካንዴላ ፈትቶ አጸዳ። ካርቡራተሩን አጥቦ ቤንዚኑን አሳነሰ፤ ሞተሯ ሳል ጀመራት እንጂ ጥማቷ አልቀነሰም። ጎማዎቹን እስኪደነድኑ ነፋ። ሰንሰለቱን ዘይት አጠጣ። የመፍቻውን ሣጥን፣ ትርፍ ጎማውን፣ የመቀመጫውን ትራስ ሳይቀር አወረደ፤ ጓድ ቢያዝን በባዶ ብረት ላይ ተቀምጠው ሐርቡ ደርሰው ሲመለሱ ቀኑን ሙሉ ቆመው ዋሉ። በመጨረሻ ኮምቦልቻ ገብረ ማርያም ወደሚባል መካኒክ ወሰዳት። ገብረ ማርያም ድምጿን ሰማ፣ ዙሪያዋን ዞረ፣ በሩ ፊት ቆመና መፈክሩን ከዳር እስከ ዳር አነበበ።

«ሞተሯ ጤነኛ ናት» አለ።

«ታዲያ ምን አስጠማት?»

«እኔ የምጠግነው ብረት ነው» አለና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ውስጥ ገባ።

ሐሙስ ዕለት በውይይት ክበብ ላይ እንድሪስ ቆረጠና እጁን አወጣ። ነፋሱ ይከብዳታል አለ። ጓድ ቢያዝን ነፋሱ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ ጠየቁት። ከፊት ለፊት አላቸው። ፊት ለፊት ምን እንዳለ ጠየቁት። እንድሪስ አፉን ከፈተ። ፈንታሁን አንገቱን ወደ እሱ አስግጎ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ቀስ ብሎ፣ «በል እንጂ ወንድሜ፣ መፈክሩ ከበደኝ በል» አለው።

«ፊት ለፊት መንገድ ነው ያለው» አለ እንድሪስ፤ ተቀመጠ።

ቅዳሜ ፍተሻው ሆነ። ፈንታሁን በገዛ እጁ አምስት ሊትር ቀድቶ ጨመረ፤ ክዳኑን በሰም አሸገ፤ በሰሙ ላይ የግምጃ ቤቱን ማኅተም መታ። አሁን ሌባው እጁን የት እንደሚያስገባ እናያለን አለ። ጓድ ቢያዝን ከበሩ ጀርባ ገቡ፤ ፈንታሁን እንድሪስ ጀርባ ተፈናጠጠ። ኮምቦልቻ እስኪደርሱ ፈንታሁን በየመታጠፊያው በጉልበቱ የእንድሪስን ወገብ ይጎስመው ነበር።

ኮምቦልቻ ሲደርሱ ማኅተሙ እንዳለ ነው። ሰሙ ተላጠ፤ መለኪያ ዘንጉ ገባ። ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርደው ግማሹ ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው።

የሰረቀ ሰው እንደሌለ ሦስቱም አዩ። ፈንታሁን ዘንጉን ገልብጦ ደግሞ ለካ። ከዚያ፣ ሾፌሩ ሆን ብሎ ነዳጅ እያበዛ ነው አለ። ጓድ ቢያዝን ትንሽ አሰቡና ይህኛው ከስርቆት የባሰ እንደሆነ፣ ስርቆት ጥቅም ሲኖረው ይህ ግን ጥላቻ ብቻ እንደሆነ አስረዱ። ፋይሉ ሰኞ ይሄዳል አሉ። እንድሪስ ጋቢውን አሰበ። ይሄኔ ደርቋል።

ክዳኑን መልሰው አሽገው ዳገቱን ጀመሩ። ሞተሯ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ እንዳለፈች ከሐረጎ የወረደው ነፋስ ፊት ለፊት አገኛት። ሽቦው ጧ ብሎ ተበጠሰ። በሩ አንዴ ወደ ኋላ ዘመመና ተነሣ፤ በጓድ ቢያዝን ቆብ ላይ አልፎ፣ አንዴ ቀይ አንዴ ግራጫ እየሆነ ወደ ገደሉ አፋፍ ሄደ።

እንድሪስ እግሩን ፍሬን ላይ አኖረ። ዞሮ አየ። ከአፋፉ አጠገብ ኩበት የጫነች አህያ የምትነዳ ባልቴት ቆማ ሁለት እጇን እያወዛወዘች ትጣራለች። ፈንታሁንም ዞሯል። ጓድ ቢያዝንም ዞረዋል። እንድሪስ አንዲት ቃል ጠበቀ። «ቁም» የምትል ቃል፤ ከማንኛቸውም ብትመጣ ያቆማል።

ጓድ ቢያዝን ቀስ ብለው ወደ ፊት ተመለሱ። ከሦስት ወር በኋላ መንገዱን በሙሉ ዓይናቸው ማየታቸው ነው። ቆባቸውን አስተካከሉ። ፈንታሁን ጉልበቱን ሰበሰበ። እንድሪስ እግሩን ከፍሬኑ አነሣ፤ ሞተሯ ጉሮሮዋን እንደ ጠረገች ሁሉ ድምጿ ጠራ፣ ሦስተኛ ማርሽ ገባችና ዳገቱን ወጣችው።

ደሴ ግቢ ውስጥ ሲለካ ከአምስቱ ሊትር ከአንድ የሚበልጥ ተርፏል። ጓድ ቢያዝን ከሳጥኗ ሳይወርዱ፣ ማንንም ሳያዩ፣ «የመፈክሩ ሰሌዳ እድሳት ላይ ነው» አሉ።

«እድሳት ላይ ነው» አለ ፈንታሁን።

እንድሪስ ሁለቱን አየ። ፋይሉስ? ብሎ አልጠየቀም። «ቀለሙ ለቅቆ ነበር» አለ።

በሰባት ዓመት ውስጥ እንድሪስና ፈንታሁን የተስማሙት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰኞ፣ ጓድ ቢያዝን ውጤቱን በስልክ ካስታወቁት የበላይ ቢሮ፣ ጓድ ሸዋረጋ የተባሉ ሴት ደብተር ይዘው መጡ፤ ልምዱን ቀስመው ለሌሎች ሊያዳርሱ ነው። ሠራተኛው እንደገና ቆመ። ጓድ ቢያዝን ውጤቱ የንቃት ውጤት መሆኑን፣ መፈክሩ ወደ ሞተሯ ሳይቀር መስረጹን አብራሩ። ፈንታሁን ክዳኑ በማኅተም መታሸጉን አነሣ። እንድሪስ ተጠይቆ ካርቡራተሩን ተናገረ፤ ጓድ ሸዋረጋ ጻፉ። ፈንታሁን እያጨበጨበ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «ቆይ፣ ትወድቅልኛለህ» አለው። እንድሪስም እያጨበጨበ፣ «አንተ ቅደም» አለው።

«ሰሌዳውን ባየው» አሉ ጓድ ሸዋረጋ።

እድሳት ላይ መሆኑን ጓድ ቢያዝን በሐዘን ገለጡ።

በዚህ መሀል የግቢው በር ላይ አህያ ቆመች። ጀርባዋ ላይ ኩበት የለም። የመፈክሩ በር ነው ያለው፤ ከነማጠፊያው፣ ከነቁልፍ ቀዳዳው፣ ቀይ ጽሑፉ ወደ ውጭ። ባልቴቲቱ ሰላም አለይኩም ብላ ገባች።

«ዘሀራ እባላለሁ፤ ከሐረጎ ሥር ነኝ» አለች። «ይኼን አማና ላደርስ ነው፤ ቅዳሜ ከሞተር ላይ የወደቀ አደራ ነው። ደጄ መዝጊያ የለውም፣ ይኼም ልኩ ነበረ። ግን የሰው ገንዘብ እንዴት ብዬ ልዝጋበት? ደሴ ስጠይቅ ስጠይቅ ጽሑፉን ያነበበ ሁሉ ወደዚህ አመለከተኝ።»

ጓድ ሸዋረጋ እስክሪብቷቸውን እንደያዙ፣ «ሲወድቅ አልተጣሩም እንዴ፣ እናቴ?» አሏት።

«ወላሂ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ነው የተጣራሁ። ሦስቱም ዞረው አዩኝ።»

«ሦስቱም?»

ዘሀራ የአህያ መንጃ በትሯን አንሥታ ጓድ ቢያዝንን ጠቆመች፤ ፈንታሁንን ጠቆመች። እንድሪስ ላይ ስትደርስ በትሯ ትንሽ ቆየ።

«ይኼኛው እንኳ ሊያቆም ነበር» አለች። «ኋላ ተወው።»