ሦስተኛው ምሰሶ

አናጢው አርቺ ሌኪ በዚያ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቀመጫው እሾህ ሆነበት። አንዴ ወደዚያ አንዴ ወደዚህ ይላል፣ ደግሞ ከራሱ በላይ ሰው ወደሚቀመጥበት የእንጨት ሰገነት ያንጋጥጣል።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰው? ቁንጫ ገባብህ?» አለችው ሚስቱ ኢሶቤል በሹክሹክታ።

«ዝም በይ፣ ምንም አልሆንኩም።»

ምንም ባይሆንማ ጥሩ ነበር! የክሬግበርን መንደር ሰው በቤተ ክርስቲያኑ የሚኮራው ጌጥ ስለሌለው ነው። መስኮቱ ነጭ መስታወት፣ ግድግዳው ባዶ፣ ድንጋዩ ድንጋይ፣ እንጨቱ እንጨት። «ይህ ቤት አይዋሽም» ይላሉ። ሰገነቱን የሠራው አርቺ ግን ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ኦክ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት የተሠራ አንዱ ምሰሶ ሲሰነጠቅበት በርካሽና ለስላሳ ጥድ ተክቶ፣ የኦክ መልክ አስመስሎ ቀብቶታል። እጁ የተባረከ ነውና ማንም አልለየውም።

ሐሙስ ዕለት ያንን ምሰሶ ቢጫነው ጣቱ ሰመጠ። ነቀዝ ውስጡን በልቶ ቀለሙን ብቻ ትቶለታል። «ሰኞ እለውጠዋለሁ» ብሎ ራሱን ሸነገለ። እንዴት ይናገር? እሱ እኮ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነው። ኤፊ ናይርን የምትባለው ቅቤ ሻጭ ቅቤ ውስጥ ድንች ሸሽጋ ስለሸጠች፣ ባለፈው ወር በጉባኤው ፊት አቁሞ ይቅርታ ያስጠየቃት እሱ ነው። ቢናገር እዚያው ቦታ ላይ መቆሙ ነው። ፈራ፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ዛሬ ደግሞ የጌታ ራት ነው፤ የአካባቢው ገበሬ ሁሉ ሰገነቱን ሞልቶታል። በዚያ አገር መዝሙር ተቀምጦ ይዘመራል፣ ለጸሎት ግን ሁሉም ባንድ ጊዜ ብድግ ይላል። በመጀመሪያው ጸሎት ምሰሶው ሲጥ አለ፤ የኢሶቤል ባርኔጣ ላይ የእንጨት ብናኝ ወረደ። ጸሎቱ አልቆ ሁሉም ለመዝሙር ሲቀመጥ፣ አርቺ የቀረውን ስንኝ መቁጠር ጀመረ። መዝሙሩ አምስት ስንኝ ቀረው፣ ሦስት ቀረው፣ አለቀ።

«እንጸልይ» አለ ፓስተሩ።

«እንዳትነሱ!» አርቺ ብቻውን ቆሞ ጮኸ። «ሰገነት ላይ ያላችሁ፣ በእግዚአብሔር ስም እንዳትነሱ! ሦስተኛው ምሰሶ ኦክ አይደለም። ጥድ ነው፣ በስብሷል። ያታለልኳችሁ እኔ ነኝ።»

ኢሶቤል ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሰዉ በቀስታ አንድ በአንድ ወረደ። አርቺ ደረጃው ሥር ቆሞ ሁሉንም በዓይኑ ቆጠረ። ካፈረች ወዲህ ሰገነት ላይ የምትደበቀው ኤፊ መጨረሻ ላይ ወረደች፤ አጠገቡ ስትደርስም ቆም አለች።

«ሽማግሌው፣» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የእኔ ድንች እንኳ ተቀቅሎ ይበላ ነበር።»