የተጣበቁት ነጥቦች

አናጢው ከራዲዮ ክበብ ጓደኞቹ ጋር ተራራ ሊወጣ ሲሄድ፣ ሚስቱ ጉልበቷ እምቢ ብሏት ቤት ቀረች። እያንዳንዱ ተጓዥ የያዛት ራዲዮ ያለበትን ቦታ ስለምትልክ፣ ሁሉም ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ነጥብ ሆነው ይታያሉ። የባሏ ነጥብ ከተጓዦቹ አንዷ ከሆነችው ከፀጉር ሠሪዋ ነጥብ ጋር ተጣብቋል። እሱ ሲቆም ትቆማለች፣ ሲታጠፍ ትታጠፋለች። ሴትዮዋ ደግሞ ሳቋ ሦስተኛ ቤት የሚሰማ ነው።

ሚስትየው ቤት የቀረውን የባሏን ራዲዮ መነጋገሪያ አነሳች።

«ስማ አንተ ሰውዬ! ከዚያች ሴት ጋር በማስቲሽ ነው የተጣበቅከው?»

ተራራው ላይ ያለው ሁሉ ሰማ። አንዱማ ሳቁን ለቀቀው።

«ኧረ የኔ እመቤት!» አለ ባሏ እያለከለከ። «እሷ ከሴቶቹ ጋር ከፊት ናት። ቦርሳዬ ከበደኝ ብላ ተሸክሜላት ነው። ራዲዮዋ እሱ ውስጥ ናት።»

በዚህ ቅናቷ በረደ ያለ ሰው ሴት አያውቅም።

«የኔን የገበያ ዘንቢል አንድ ቀን ተሸክመህልኝ ታውቃለህ?»

ሁለቱ ነጥቦች ወዲያው ወደ ፊት ሮጠው ሴቶቹ ጋ ደረሱ። ከዚያ የባሏ ነጥብ ብቻውን ወደ ኋላ ቀረ።

እሷም ጉልበቷን እያሸች ተነሳችና፣ ለሚቀጥለው ጉዞ ከአልጋ ሥር ትልቁን ሻንጣ ጎትታ አወጣች።