በወንድም ስም

የእንግዳ ማረፊያውን አንሶላ ጫፉን በአገጯ ይዛ ስታጥፍ ወንድሟ በጓሮ በር ገባ። በእጁ የያዘውን ቅጽ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አኖረና፣ ጨርሺና ትፈርሚዋለሽ አላት።

ሃያ አንድ ዓመት በሌላ ክልል የሆስፒታል ልብስ አጥባለች። ትዳሯ ሲፈርስ ይኸው ወንድሟ ደውሎ፣ እዚህ ክልል ለትንንሽ ሥራ ፈቃድ ቶሎ ይሰጣል፣ ነይና አንድ ነገር እንክፈት አላት። መጣች። እሱ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሲል፣ ሚስቱ ፀጉር ቤት ስትል፣ እሷ ሳምንት ሙሉ ከተማውን በእግሯ አካለለችው። አምስት የእንግዳ ማረፊያ ቤት አገኘች፤ የአምስቱም አንሶላ ገመድ ላይ እንደተሰጣ የወየበ ነበር። "ሥራው እዚህ ነው" አለች፤ ማንም አልተከራከራትም።

ፈቃድ ክፍል ሲደርሱ ጸሐፊው መታወቂያዋን አገላብጦ አየና፣ ክልሉ ውስጥ ስድስት ወር ላልኖረ ሰው ፈቃድ አይሰጥም አለ። ወንድሟ ወዲያው መታወቂያውን አወጣ።

"በእኔ ስም ይውጣ። ስም ምን ያደርጋል? ሥራው ያንቺ።"

አባታቸው ሲሞት ያሳደጋት እሱ ነው። ከእሱ ጋር ውል መጻፍ ነውር መሰላት። ከፍቺው የደረሳትን ሁሉ ሁለት ማጠቢያ ማሽን አደረገችው፤ ማረፊያ ቤቶቹንም አንድ በአንድ ደጅ ጠንታ ደንበኛ አደረገች። ስድስት ወሩ ሞልቶ የነዋሪነት መታወቂያ ስታወጣ፣ ፈቃዱ ይዛወር ብትለው ዛሬ ነገ ይል ጀመር። በመሀሉ የወንድሟ ልጅ ሚስት ፊት ለፊት ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች፤ ደንበኛም የሥራውን ባለቤት ሲጠይቅ ወደዚያች መሄድ ለመደ።

እጇን በሽርጧ ጠርጋ ቅጹን አነሳችው። የሠራተኛ መመዝገቢያ ነው።

"የማን ሠራተኛ ነኝ?"

"ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነው። ለወረቀት ያህል ነው።"

"ጋሼ፣ ፈቃዱ መቼ ነው የሚዛወረው?"

ወደሚሽከረከረው ማሽን ዞረ።

"ለልጄ ቢሆን ይሻላል ተባብለን ነበር፣ እኔና ሚስቴ። እሱ ወልዷል። አንቺ ብቻሽን ነሽ፤ ለማን ብለሽ ነው? እኛ እያለን ምን ይጎድልብሻል?"

የተናገረው በክፋት ቢሆን ይቀላት ነበር። እንደ ልጅነቷ፣ ጫማ ሲያስርላት እንደሚያናግራት ለዘብ ብሎ ነው የተናገረው። ልትጮህ አሰበች፤ ሽማግሌ ልትጠራም አሰበች። ሽማግሌው መጥቶ የሚያየው ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ ነው።

"ስክሪብቶ አለህ?"

ቀለል ብሎት ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ቆማ መሙላት ጀመረች። የሥራ ዓይነት፤ አጣቢ። ደሞዝ የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችው።

"እሱን ተይው፤ ቤተሰብ አይደለን እንዴ!" አለ።

ቀጥሎ ያለው መስመር ከአሠሪው ጋር ያላትን ዝምድና ይጠይቃል። እጇ እርጥብ ስለነበር ቀለሙ እንዳይፈስ ቀስ ብላ ጻፈች፤ "የለም።" ከዚያ ወደ ደሞዙ ተመለሰችና ስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ እንደደገነች፣

"ስንት ልበል?" አለችው።